ሰሊጡ ሳይረግፍ፦ ስለ ሥራ ቦታ ደኅንነትና ስለ ሠራተኛው ቃል

የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ወገኖቼ፣ ከወገዳ፣ ከአርብ ገበያ፣ ከመካነ ኢየሱስ ተነሥታችሁ ይህን ሁሉ ቁልቁለትና ዳገት አልፋችሁ ነፋስ መውጫ ድረስ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። በዚህ ብርድ ሰውን አዳራሽ ውስጥ ማቆየት ግፍ ስለሆነ ነገሬን አላንዛዛም።

የመጣሁት ስለ አንድ ጉዳይ ልናገር ነው። ሰው ለእንጀራው ብሎ የወጣበት ሥራ አካሉንና ሕይወቱን እንዳይወስድበት ሠራተኛው ራሱ ምን ሊያደርግ ይችላል? አሠሪውና መንግሥት ምን ማድረግ እንዳለባቸው ብዙ ተጽፏል፤ ብዙ ተሰብስበንበታልም። ሠራተኛው በእነዚያ ስብሰባዎች ላይ ስሙ የሚነሣው ግን አብዛኛውን ጊዜ “ግንዛቤ የሚጎድለው” እየተባለ ነው። የዛሬው ንግግሬ በሙሉ ለዚህ አባባል የተሰጠ መልስ ነው ብትሉኝ አልከፋም። ሠራተኛውን የጎደለው ዕውቀት አይደለም፤ የሚያውቀውን ሲናገር የሚከፍለው ዋጋ ነው ያስቸገረው።

የሥራ ቦታ ደኅንነት ሲባል ቃሊቲ ወይም ኮምቦልቻ ያለ ፋብሪካ ይታያችሁ ይሆናል። እኛ ዘንድ ትልልቅ ፋብሪካ የለም፤ ሥራ ግን ሞልቷል። ወፍጮ ቤት አለ፤ በባሕር ዛፍ መወጣጫ ፎቅ የሚሠራ የቀን ሠራተኛ አለ፤ ድንጋይ የሚፈልጥ፣ ኮብልስቶን የሚጠርብ ወጣት አለ፤ በጤና ጣቢያና በሆስፒታል መርፌ የምትይዝ ነርስ አለች፤ በሴፍቲኔት እርከን የሚሠራ ገበሬ አለ። ከእነዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ በየዓመቱ ጋቢውንና ማጭዱን ጠቅልሎ ለሰሊጥ ሥራ ወደ መተማና ወደ ሁመራ ቆላ የሚወርደው ልጃችን አለ። በመጀመሪያ አደጋን ቀድሞ ስለሚያየው ሰው፣ ቀጥሎ ያ ሰው ስለ ምን ዝም እንደሚል፣ በመጨረሻም ስለ ቆላው ሥራ እናገራለሁ። ረጅሙን ጊዜ የምወስደው ለመጨረሻው ነው።

ከወፍጮ ቤት ልጀምር። ሞተሩ ወፍጮውን የሚያዞረው በቺንጋ ነው። ቺንጋው ብዙ ጊዜ ምንም መከለያ የለውም፤ ክፍሉ ጠባብ ነው፤ ብናኙ ዓይን ይጋርዳል፤ ጩኸቱ ሰው ከሰው አያነጋግርም። እህል ያመጣች እናት የነጠላዋን ጫፍ ሳትሰበስብ ወደ ቺንጋው ስትጠጋ ማን ያያታል? ባለንብረቱ ገበያ ወጥቷል። ተቆጣጣሪ ቢመጣ እንኳ አንድ ቀን አይቶ ይሄዳል። ቺንጋውን በቀን ብዙ ጊዜ የሚሻገረው የወፍጮ ቤቱ ሠራተኛ ነው። መሬቱ የት ጋ እንደሚያንሸራትት፣ የፋሲካ ሰሞን ወረፋው ሲበዛ ሰው እስከ የት ድረስ ተገፍቶ እንደሚገባ የሚያውቀው እሱ ነው። መከለያ ለመሥራት ጥቂት አጣናና አንድ ቅጠል ቆርቆሮ ይበቃል፤ መሐንዲስ መጥራት አያስፈልግም። ጥያቄው “ጌታዬ፣ ይህ ቺንጋ ይሸፈን” የሚለውን ቃል ማን ይናገረዋል፣ ሲናገረውስ ምን ይደርስበታል የሚለው ነው።

ይህ የእኛ አገር ነገር ብቻ እንዳይመስላችሁ። በባንግላዴሽ ዋና ከተማ በዳካ አጠገብ ራና ፕላዛ የሚባል ስምንት ፎቅ ሕንፃ ነበረ። በላይኛዎቹ ፎቆች ልብስ የሚሰፉ ፋብሪካዎች፣ በታችኛዎቹ ባንክና ሱቆች ነበሩበት። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 23 ቀን 2013 ግድግዳውና ምሰሶው ላይ ስንጥቅ ታየ፤ ሠራተኞቹም ደንግጠው ወጡ። በማግስቱ ባንኩና ሱቆቹ ዘግተው ቀሩ። የልብስ ሰፊዎቹ አለቆች ግን “ግቡ፣ ካልገባችሁ ደመወዛችሁ ይቀራል” አሏቸው። ገቡ። ሕንፃው በዚያው ጠዋት ተደረመሰና ከ1,100 በላይ ሰዎች ሞቱ። ስንጥቁን ያላየ ሠራተኛ አልነበረም። ዕውቀቱ ነበራቸው፤ ያጡት እምቢ ብለው ከደመወዛቸው ጋር የሚቆሙበትን አቅም ነው።

እንግሊዞች ይህን በከሰል ጉድጓዶቻቸው ቀድመው ተምረዋል። ፈንጂ ጋዝ ማዕድን ቆፋሪውን ሲፈጀው ከኖረ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1872 የወጣው የማዕድን ሕግ ቆፋሪዎቹ ከመካከላቸው ሁለት ሰው መርጠው ጉድጓዱን ራሳቸው እንዲፈትሹ ፈቀደላቸው። የሕጉን ብልኃት አስተውሉ። “ሠራተኛ ሁሉ ይናገር” አላለም። ሁለት ሰው ተመርጦ የሁሉን ቃል ተሸክሞ ይግባ አለ። ሁለት መሆናቸው ዋናው ነገር ነው፤ አንድ ሰው ሲናገር ጠብ ፈላጊ ይባላል፤ ሁለት ሆነው ተልከው ሲናገሩ ግን መልእክተኞች ናቸው።

አሁን ወደ ዝምታው ልለፍ። ሠራተኛ ስለ ምን ዝም ይላል? ሦስት ምክንያት ይታየኛል፤ ሦስቱም እኩል አይደሉም።

አንደኛው የእምነታችን አነጋገር ነው። ሰው ከመወጣጫ ወድቆ ሲሞት “ቀኑ ደርሶ ነው” እንላለን። በለቅሶ ቤት ይህን ቃል አልነካውም፤ ያዘነችን እናት የሚያጽናና ሌላ ቃል የለኝም። በሥራው ቦታ ላይ ሲነገር ግን የተሰነጠቀውን አጣና ነፃ ያወጣዋል። ለጥቂት የተረፈ ሰው ደግሞ “እግዜር አተረፈኝ” ብሎ አማትቦ ሥራውን ይቀጥላል። የምለምናችሁ ትንሽ ነገር ናት፤ እግዜር ያተረፈበትን ቀን መዝግቡ። የት ቦታ፣ በስንት ሰዓት፣ ምን ተሰብሮ፣ ምን ላልቶ እንደሆነ በደብተር ይጻፍ። ዛሬ ያተረፈው አጣና ነገ ሌላውን አያተርፍም።

ሁለተኛው ጉብዝና ነው። ገመድ የጠየቀ ልጅ ፈሪ ይባላል፤ ያለ ገመድ የወጣው ይወደሳል። በዚህ ላይ ብዙ አልናገርም፤ አባቶች ፊት ስለ ጀግንነት መምከር ለእኔም ይከብደኛል። ይህችን ብቻ ልበል። አፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲያስጎትቱ ወደ 7 ቶን የሚጠጋ ብረት ለማሳለፍ በጨጨሆ ገደል በኩል መንገድ እየተፈለጠ ነበር፤ ንጉሡም በገዛ እጃቸው ድንጋይ እያነሡ ይሠሩ እንደነበር የዓይን ምስክሮች ጽፈዋል። ከሠራተኛው ጋር አብሮ የሚለፋ አለቃ ታላቅ ነገር ነው። ሆኖም በዚያ ገደል ላይ ቆሞ “ጃንሆይ፣ ይህ አፋፍ ይናዳል” ማለት የሚችል ሰው ነበረ ይሆን? አብሮ መሥራትና ቃል መስማት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ሦስተኛውና ዋናው ምክንያት የነገ እንጀራ ነው። እዚህ ላይ ሕጋችንን ማየት ያስፈልጋል። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 42 ሠራተኛ ጤናማና አደጋ የማያደርስ የሥራ አካባቢ የማግኘት መብት እንዳለው ይናገራል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደግሞ ዘርዘር ያደርገዋል። በአንቀጽ 92 አሠሪው የመከላከያ ዕቃ እንዲያቀርብና ሠራተኞቹ ስለሚገጥማቸው አደጋ እንዲነግራቸው ያዝዛል። በአንቀጽ 93 ሠራተኛው የመሣሪያ ጉድለት ወይም አደጋ ሊያደርስ የሚችል ነገር ሲያይ ለአሠሪው ወዲያው እንዲያሳውቅ ያስገድዳል፤ ማለትም መናገር መብት ብቻ ሳይሆን ግዴታው ነው። በአንቀጽ 14 አሠሪ ለሕይወት አደገኛ የሆነ ሥራ ሠራተኛን እንዳያሠራ ይከለክላል። በአንቀጽ 26 ሠራተኛ ቅሬታ አቀረበ ተብሎ ከሥራ ሊባረር እንደማይችል ይደነግጋል። በአንቀጽ 32 ደግሞ አደጋ እንደተቃረበ ተነግሮት እርምጃ ያልወሰደን አሠሪ ሠራተኛው ያለ ማስጠንቀቂያ ጥሎት መሄድ ይችላል ይላል።

መልካም ሕግ ነው። ለቀን ሠራተኛው ግን አንድ ጉድለት አለው። የቀን ሠራተኛ አይባረርም፤ ነገ ጠዋት አይጠራም ብቻ። ካቦው ተራ ከቆሙት መካከል በጣቱ ሲመርጥ ትናንት ስለ መወጣጫው የተናገረውን ልጅ አልፎ አጠገቡ ያለውን ይጠራል። ይህን ለፍርድ ቤት የሚያስረዳ ማስረጃ ከየት ይመጣል? አንቀጽ 32 የሰጠውም መብት የመውጣት መብት ነው፤ በሥራው ላይ እንደቆየ እምቢ የማለት አይደለም። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1991 ያጸደቀችው የዓለም ሥራ ድርጅት 155ኛው ስምምነት ከሚያሰጋ አደጋ ራሱን ያራቀ ሠራተኛ እንዳይቀጣ ጥበቃ ይሰጣል። በዚህ አዳራሽ ስለዚያ ስምምነት ሰምቶ የሚያውቅ ካቦ ካለ እጁን ያውጣና ቡና እጋብዘዋለሁ።

ስለዚህ በሕግ የተሰጠውን ቃል በተግባር የሚያስከብረው የሠራተኛው አንድ ላይ መቆም ነው። እዚህ ላይ ከውጭ የምናመጣው ነገር ብዙ አይደለም። ወንፈል ታውቃላችሁ። በወንፈል ማንም አለቃ፣ ማንም ቅጥር አይደለም፤ ዛሬ የእኔ ማሳ ነገ የአንተ ነው። ሰዎች በረድፍ ሲያጭዱ አንዱ “ራቅ በል፣ ማጭድህ ደረሰኝ” ቢል ማንም አይቀየምም፤ ነገ እሱም ይህንኑ ይላልና። በወንፈል የሚናገር አፍ በቅጥር ሥራ ላይ የሚዘጋው ሰውየው ስለተለወጠ አይደለም፤ አንድ ላይ ስላልቆመ ነው። ግንባታ ላይ ያሉ የቀን ሠራተኞች ጠዋት መዶሻ ከማንሣታቸው በፊት አምስት ደቂቃ ቆመው መወጣጫውን አብረው ቢያዩ፣ ሁለት ሰው መርጠው ያዩትን ለፎርማኑ ቢያስነግሩ፣ ካቦው ሁለቱን ቢያልፋቸው ሌሎቹም ሳይወጡ ቢቆዩ የአዋጁ ወረቀት ላይ ነፍስ ዘሩበት ማለት ነው።

የሴፍቲኔቱን ሥራ ያያችሁ ይህን ታውቃላችሁ። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ጋይንትና ስማዳ ውስጥ በሺህ የሚቆጠር ሰው እርከን ሠርቷል። እርከን ሲሠራ ላይኛው ሰው የፈነቀለው ድንጋይ ታችኛውን ያገኘዋል፤ ስለዚህ አንዱ በቀጥታ ከሌላው በታች እንዳይቆም ማድረግ ቀላሉ ጥበቃ ነው። በዚሁ ፕሮግራም ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት ድንጋይ እንዳትሸከም፣ እርዳታዋም እንዳይቋረጥ በቀጥታ ድጋፍ እንድትያዝ ተደርጓል። ጥሩ ደንብ ነው። ሥራ ላይ የሚውለው ግን የቡድኑ ሴቶች “እሷ ዛሬ አትሸከምም” ብለው ሲናገሩላት ነው፤ ነፍሰ ጡሯ ራሷ ብቻዋን ስትጠይቅ ሰነፍ ትባላለች።

ወደ ቆላው ከማለፌ በፊት አንድ ነገር ላስጠንቅቅ። ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ የካይዘን ኢንስቲትዩት ያስተማራቸው አምስቱ “ማ”ዎች፣ ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድና ማዝለቅ፣ በየመሥሪያ ቤቱ ግድግዳ ላይ ተለጥፈው አይተናል። ሠራተኛውን በቡድን አድርጎ ሐሳብ መጠየቁን እወደዋለሁ። ነገር ግን “ሠራተኛው ይምራው” የሚለው ቃል ለአሠሪው ማምለጫ እንዳይሆን እፈራለሁ። ነርሷ ያገለገለ መርፌ የምትጥልበት ሴፍቲ ቦክስ ሞልቶ ከተረፈና አዲስ ካልመጣላት “ጥንቃቄ ይጎድልሻል” ማለት ነውር ነው። ሠራተኛው ዓይንና ቃል ያዋጣ፤ ገንዘቡንና ዕቃውን ማዋጣት የአሠሪው ነው።

አሁን ወደ ሰሊጡ እንምጣ።

ነፋስ መውጫ ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት። ከዚህ ወርዶ መተማና ሁመራ የሚደርስ ወጣት ሰውነቱ ለማያውቀው አየር፣ ለማያውቀው ትንኝና ዝንብ ተሰጥቶ ይገባል። ወባውን ሁሉም ያውቀዋል። ካላዛር ግን ብዙ ሰው የሚያውቀው ዘመድ ከሞተበት በኋላ ነው። ጥገኛ ተሕዋሲያኑን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ ከወባ ትንኝ በጣም ታንሳለች፤ ድምፅ የላትም፤ ከምሽት እስከ ንጋት ትናከሳለች። የምትኖረው በተሰነጣጠቀ ጥቁር መሬትና በግራር ዛፍ ሥር ነው። የሰሊጥ ሠራተኛው ደግሞ ሙቀቱን ሸሽቶ የሚተኛው ከግራሩ ሥር ሜዳ ላይ ነው። በዚህ ላይ በሽታው ቶሎ አይታይም፤ ልጁ ገንዘቡን ቋጥሮ አገሩ ከገባ ከሳምንታትና ከወራት በኋላ ይነሣበታል። ትኩሳቱ አይለቅም፤ ሥጋው ያልቃል፤ ጣፊያው ያብጣል። ካልታከመ ይገድላል።

ይህ ለደቡብ ጎንደር የሩቅ ወሬ አይደለም። በ1997 ዓ.ም. ጎረቤታችን ሊቦ ከምከም ውስጥ ከፍተኛ የካላዛር ወረርሽኝ ታወቀ፤ ወደ ፎገራም ዘለቀ። በሽታው ከዚያ ቀደም በደጋው እምብዛም ስለማይታወቅ በመጀመሪያ መድኃኒት የማይበግረው ወባ ተብሎ ተጠረጠረ። ተመራማሪዎች መነሻውን ከሁመራና ከመተማ ከሚመለሱ ወቅታዊ ሠራተኞች ጋር ያያይዙታል። ሰው ለሥራ ወርዶ ያመጣው በሽታ ወርደው የማያውቁትን ሕፃናትና እናቶችም አጠቃ ማለት ነው።

የሕጉን ጉድ ደግሞ ስሙ። ያው አዋጅ 1156 በአንቀጽ 98 በሥራ ምክንያት የሚመጣ በሽታ ምን እንደሆነ ሲተረጉም፣ በሥራው አካባቢ ነዋሪ የሆነ ወይም በወረርሽኝ የሚዛመት በሽታ በዚህ ውስጥ አይቆጠርም ይላል፤ በሽታውን ለመዋጋት ከተቀጠረ ሰው በስተቀር። ሰሊጥ ሲያጭድ ማጭድ የቆረጠው ልጅ ካሣ መጠየቅ ይችላል። ሰሊጥ ሲያጭድ ካላዛር የያዘው ልጅ ግን በዚህ አንቀጽ በሩ ተዘግቶበታል። ሕግ አውጪው ክፉ አስቦ ነው አልልም፤ ከየትኛው ንክሻ እንደመጣ ማረጋገጥ ስለማይቻል ነው ይሉ ይሆናል። ለእኛ ልጆች ግን ትርጉሙ አንድ ነው። ከታመሙ በኋላ የሚጠይቁት ነገር የለምና የሚጠይቁትን ሁሉ ከመታመማቸው በፊት መጠየቅ አለባቸው።

መቼ ይጠይቁ? የዛሬው ንግግሬ ልብ ይህ ነው። በአረም ወቅት ሠራተኛው ይበዛል፤ ባለሀብቱ አይቸኩልም፤ “ካልፈለግህ ሂድ” ማለት ይችላል። ሰሊጥ ሲደርስ ግን ነገሩ ይገለበጣል። የሰሊጥ ፍሬ የያዘው ዛላ ሲደርቅ ራሱን ይከፍታል፤ ቀናት ከዘገየ የዓመቱ ልፋት መሬት ላይ ይረግፋል። የአጨዳ ዋጋ በየዓመቱ በዚያ ሰሞን የሚወደደው ለዚህ ነው። ልጆቻችን ይህን ያውቃሉ፤ ዋጋ ሲከራከሩበትም እናያለን። ያን ጉልበታቸውን የሚያውሉት ግን ለብር ብቻ ነው። ለአንድ ሌሊት እንቅልፍ የሚሆን አጎበር፣ ከግራሩ ራቅ ያለ የዳስ መኝታ፣ ንጹሕ ውኃ፣ የታመመን ሰው ጤና ጣቢያ የሚያደርስ መኪና በክርክሩ ውስጥ አይገቡም። ሰሊጡ ሳይረግፍ በፊት ባሉት ጥቂት ቀናት አሥር ሰው አንድ ላይ ቆሞ “ዋጋው እንዲህ ይሁን፣ አጎበር ግን ካልቀረበ አናድርም” ቢል ለባለሀብቱ ከሚረግፍበት ሰሊጥ ጋር ሲነጻጸር አጎበሩ ኢምንት ነው።

አጎበሩ በመድኃኒት የተነከረ መሆኑን ጠይቁ፤ የአሸዋ ዝንብ ትንሽ ስለሆነች ባልተነከረ አጎበር ቀዳዳ ታልፋለች። አጎበር የሚሰቀልበት ሦስት አራት እንጨት ከሌለ ደግሞ አጎበሩ ትራስ ሆኖ ይቀራል። ይህን አይቻለሁና ነው የምላችሁ፤ አጎበር ማደል ብቻ ሥራ አይደለም።

አሥሩ ሰው ግን መተማ ደርሶ እርስ በርስ የሚተዋወቅ መሆን የለበትም። እንደ ወንፈል ከዚህ ተጠራርቶ፣ አንድ ቀበሌ፣ አንድ ደብር ሆኖ ይውረድ። ከመውረዱ በፊት ሁለት ሰው ይምረጥ፤ አንዱ ከባለሀብቱ ጋር የሚነጋገር፣ አንዱ ማን እንደታመመ፣ ማን ከሥራ እንደቀረ በደብተር የሚጽፍ። ውሉ በቃል ከሆነ፣ ብዙ ጊዜም በቃል ነው፣ አዋጁ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ ዋና ዋናውን ነገር በጽሑፍ እንዲሰጥ ያዝዛል፤ ያንን ወረቀት የሚጠይቁት ሁለቱ ይሁኑ። ወረቀቱ ባይሰጥ እንኳ ደብተሩ አለ። ሁለት ዓመት የተጻፈ ደብተር የትኛው እርሻ ላይ ሰው ይታመማል፣ የትኛው ላይ ተርፎ ይመለሳል የሚለውን ለመንደሩ ይነግረዋል። በሦስተኛው ዓመት ሠራተኛ እርሻ ይመርጣል።

ከዚህ በስተምሥራቅ ዋድላን አልፎ ደላንታ ውስጥ ኦፓል የተባለውን የከበረ ድንጋይ የሚቆፍሩ ወጣቶች በ2016 ዓ.ም. ጉድጓዱ ተንዶባቸው እንደነበር ሰምታችኋል። እነሱ ደግሞ ባለሀብት የላቸውም፤ የራሳቸው አለቃ ራሳቸው ናቸው። አለቃ ባይኖርም ያው ጥያቄ ይቀራል፤ ከጓደኞቹ መካከል ጣሪያውን አይቶ “ዛሬ አንገባም” የሚለው ማን ነው? እንደ እንግሊዞቹ ሁለት ሰው አስቀድሞ ካልተመረጠ ያን ጠዋት ማንም አይለውም፤ ድንጋዩ ዕለቱን ሊያብረቀርቅ ይችላልና።

ጊዜዬ እያለቀ ስለሆነ ለተመላሾች ቤተሰቦች የምለውን ልጨምርና ለጥያቄ ቦታ ልልቀቅ። ልጃችሁ ከቆላ ተመልሶ ከሁለት ሳምንት በላይ ትኩሳት ካልለቀቀው፣ የወባ ምርመራውም ነፃ ነው ካለ፣ ጤና ጣቢያ ስትገቡ ከበሽታው በፊት የነበረበትን ቦታ ንገሩ። “መተማ ነበረ”፣ “ሁመራ ነበረ” በሉ። የካላዛር ምርመራ ከጣት በሚወሰድ ደም የሚሠራ ቀላል ምርመራ ነው፤ ሕክምናው ግን ለ17 ቀን በየቀኑ መርፌ የሚወጉበት ስለሆነ ቶሎ መጀመር አለበት። ሐኪሙ ልጁ የት እንደሠራ ካላወቀ እንደገና የወባ መድኃኒት ሰጥቶ ይመልሰዋል። ከዚያም የደብተሩን ጸሐፊ ፈልጋችሁ የልጁን ስም፣ የእርሻውን ቦታና የተኛበትን አስጽፉ፤ አብረውት የወረዱት ዘጠኙም በዚያው ሳምንት ይመርመሩ።